ተሳቢ ካምፐር ስትመርጡ፦ ክብደቱ፣ ጎማውና አክስሉ ጎን ለጎን

ሻጩ ቀድሞ የሚጠራላችሁ ቁጥር ባዶ ክብደቱን ነው። «ይቺ ቀላል ናት፣ 5,400 ፓውንድ ብቻ። የእናንተ ፒካፕ 9,000 ይጎትታል። ምን ያሳስባችኋል?» ይላል። አልዋሸም። ግን ባዶ ተሳቢ ይዞ ለሽርሽር የሚወጣ ሰው የለም። ውሃ አለ፣ ጋዝ አለ፣ ባትሪ አለ። ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ወንበር፣ የልጆች ብስክሌት አለ። የእኛ ቤተሰብ ሲሆን ደግሞ ጀበናና ሲኒ ከነረከቦቱ፣ ሁለት ኩለር ሙሉ ሥጋ፣ እንጀራ በሳጥን ይጨመራል።

አሜሪካ ያለ የአበሻ ቤተሰብ ካምፒንግ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በድንኳን ነው። ልጆች በዝተው፣ ዝናቡም አንድ ሌሊት ሁሉንም ሲያረጥብ ተሳቢ ቤት ማየት ይጀመራል። ይህ ጽሑፍ ሁለት ሦስት ተሳቢ አይታችሁ «የቱን እንውሰድ?» ለምትሉ ነው። ስለ አልጋውና ስለ ሻወሩ አላወራም። በእሱ ላይ ቤት ያለው ሁሉ አይቶ ተከራክሮበታል። እኔ የማወራው ማንም ጎንበስ ብሎ ስለማያየው ነገር ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ተሳቢ የሚመረጠው በርዝመቱም በባዶ ክብደቱም አይደለም። የሚመረጠው ባዶው ላይ ምን ያህል መጫን ይቻላል በሚለው ነው። ያንን የሚወስነው ደግሞ ከሁሉም ደካማው ክፍል ነው። ደካማው አብዛኛውን ጊዜ ጎማው ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ተለጣፊው ላይ ያሉት ቁጥሮች

ወደ ተሳቢው ጠጋ በሉ። ውጭው ላይ፣ በግራ በኩል ከፊት አካባቢ የተለጠፈ ወረቀት አለ። እዚያ ላይ ጂቪደብሊውአር የሚለው ቁጥር የተሳቢው የክብደት ጣሪያ ነው። ቤቱ፣ ዕቃው፣ ውሃው፣ ጋዙ፣ ሁሉም ተደምሮ ከዚያ ማለፍ የለበትም። ጂኤደብሊውአር ደግሞ የአንድ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማን የሚያገናኘው ዘንግ) ጣሪያ ነው። ሁለት አክስል ካለ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ታዩታላችሁ። ከጎኑ የጎማው መጠንና በስንት ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) እንደሚነፋ አለ።

ሌላ ቢጫ ያለበት ተለጣፊ ደግሞ አለ። እሱ ነው ዋናው። «የጭነቱ ክብደት ከዚህ ፈጽሞ መብለጥ የለበትም» ብሎ በኪሎና በፓውንድ ይጽፋል። ለዚያችው አንድ ተሳቢ ተሰልቶ የተጻፈ ስለሆነ ከብሮሹሩ ይልቅ እሱን እመኑ። ብሮሹሩ ላይ ያለው ባዶ ክብደት ፋብሪካው የጨመረውን ሁለተኛ ኤሲ ወይም የፀሐይ ፓኔል ላያካትት ይችላል። ሁለት አንድ ዓይነት ሞዴሎች ጎን ለጎን ቆመው የጭነት አቅማቸው በብዙ ፓውንድ የሚለያየው ለዚህ ነው። ስልካችሁን አውጡና የሁሉንም ተለጣፊ ፎቶ አንሱ። ቤት ገብታችሁ ስታወዳድሩ ሻጩ አጠገባችሁ የለም።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባበት አንድ ነገር አለ። የሁለቱን አክስሎች አቅም ስትደምሩ ከተሳቢው ጣሪያ ሊያንስ ይችላል። ለምሳሌ ጣሪያው 7,600 ሆኖ አክስሎቹ 3,500 እና 3,500፣ በድምሩ 7,000 ብቻ ይሆናሉ። ስህተት አይደለም። ፋብሪካው የሚያስበው ከክብደቱ የተወሰነው በሂቹ (መኪናውና ተሳቢው በሚያያዙበት) በኩል መኪናችሁ ላይ ያርፋል ብሎ ነው። ሒሳቡ ይሠራል። ግን ምንም ትርፍ ሳይተው ነው የሚሠራው። እንዲህ ዓይነት ተሳቢ ስታዩ «ፋብሪካው እዚህ ጋ ቆጥቧል» ብላችሁ ማስታወሻ ያዙ።

አንድ አክስል ወይስ ሁለት?

ሁለት ተሳቢ ላስቀምጥ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ ገበያ ላይ ግን በየቀኑ የሚታዩ ዓይነት ናቸው።

አጭሩ ባለ አንድ አክስል ነው። ባዶውን 3,700፣ ጣሪያው 4,500 ፓውንድ። ስለዚህ 800 ፓውንድ ይጫናል። ረጅሙ ባለ ሁለት አክስል ነው። ባዶውን 5,400፣ ጣሪያው 7,600። 2,200 ይጫናል።

800 ፓውንድ ሲሰማ ብዙ ነው። እስቲ እንቁጠር። አንድ ጋሎን ውሃ 8.3 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል። 30 ጋሎን ታንከር ስትሞሉ 250 ፓውንድ ሄደ። ባትሪ 60 በሉት። ከኮስትኮ የገዛችሁት ባለ 40 ጠርሙስ የውሃ እሽግ ብቻውን 44 ፓውንድ ነው፤ ሁለት ከያዛችሁ 88። እስካሁን ልብስም ምግብም አልገባም፣ ግማሹ ግን አልቋል። ለባልና ሚስት ይበቃል። ለአምስት ሰው ቤተሰብ አይበቃም። ታንከሩን ባዶ አድርጎ ሄዶ ካምፑ ላይ መሙላት ይቻላል፤ ቧንቧ ያለበት ቦታ የምትሄዱ ከሆነ እኔም የምመክረው እሱን ነው።

አጭሩ ሌላ ጥቅም አለው። ሁለት ጎማ፣ ሁለት ፍሬን፣ ሁለት ጥንድ ኩሽኔታ ብቻ ነው የምትጠግኑት። ዋጋውም ይቀንሳል። ጠባብ ግቢ ውስጥ ማዞር ይቀላል። ባለ ሁለት አክስሉ በጠባብ ቦታ ሲታጠፍ ጎማዎቹ ወደ ጎን ይፈተጋሉ፣ አስፋልቱ ላይ ሲጮሁ ትሰማላችሁ። ያ ለጎማው ጥሩ አይደለም።

ግን መንገድ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ባለ ሁለቱ በነፋስና ትልቅ ትራክ ሲያልፍ የበለጠ ይረጋጋል። አንድ ጎማ ቢፈነዳም ጎረቤቱ ይይዘዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ የፈነዳው ጎማ ጎረቤት ያን ሰዓት ብቻውን የሁለቱን ሸክም ተሸክሟል። ከውጭ ደህና ቢመስልም ውስጡ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል አብሮ መቀየር ነው። ባለ አንድ አክስሉ ላይ ግን ጎማ ከፈነዳ ተሳቢው በዚያ በኩል ቸርኬው ላይ ቁጭ ይላል። ስለዚህ አጭሩን ከመረጣችሁ ጎማው ላይ ፈጽሞ አትቆጥቡ።

የእናንተ መኪናስ?

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ስንት ይጎትታል?» ብሎ ነው። ቀድሞ የሚያልቀው ግን መጎተቱ ሳይሆን መሸከሙ ነው። የሾፌሩን በር ክፈቱ። ምሰሶው ላይ ቢጫ ያለበት ተለጣፊ አለ። የሰውና የዕቃ ክብደት በድምሩ ከዚህ አይብለጥ ይላል። ፔይሎድ የሚሉት ይህን ነው።

ረጅሙ ተሳቢ ጣሪያው ላይ ሲደርስ 12 ከመቶው ሂቹ ላይ ያርፋል እንበል። 912 ፓውንድ ነው። የፒካፑ ፔይሎድ 1,500 ከሆነ 588 ቀረ። ክብደት ማከፋፈያ ያለው ሂች (ጭነቱን በዘንጎች ለሌሎቹ አክስሎችም የሚያካፍለው) ራሱ 100 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል። 488 ቀረ። በዚህ ላይ አባት፣ እናት፣ ሁለት ጎረምሳ ልጆች ሲገቡ አለቀ። ፒካፑ ጀርባ ላይ ጀነሬተር ልታስቀምጡ ነበር? ቦታ የለም። «9,000 ይጎትታል» የተባለው መኪና 7,600 ተሳቢ ይዞ አቅሙ የሚያልቀው እንዲህ ነው።

የሂቹን ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ ዕቃውን ሁሉ ወደ ኋላ እንዳታሸሹ። ለእንዲህ ዓይነት ተሳቢ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 ከመቶው ሂቹ ላይ ማረፍ አለበት። ከ10 በታች ሲወርድ ተሳቢው አውራ ጎዳና ላይ ጭራውን መቁላት ይጀምራል። ያንን ያየ ሰው ሁለተኛ ማየት አይፈልግም።

ጎማ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ ትልቅ ለውጥ የሚመጣው እዚህ ነው።

የተሳቢ ጎማ ላይ ኤስቲ የሚል ፊደል ከመጠኑ ፊት ታያላችሁ። ለተሳቢ ብቻ የተሠራ ማለት ነው። ጎኑ ጠንካራ ነው፣ መኪና ላይ አይገጠምም። ኤልቲ ደግሞ የፒካፕና የቫን ጎማ ነው። ፒ የሚለው የቤት መኪና ጎማ ነው። ያገለገለ ተሳቢ ለመሸጥ ሲሉ ከጎሚስታው ያገኙትን ርካሽ የቤት መኪና ጎማ ገጥመው የሚያቀርቡ አሉ። የፒ ጎማ ተሳቢ ላይ ሲገባ ጎኑ ላይ የተጻፈው አቅም ለ1.1 መካፈል አለበት። ማለትም 2,000 ፓውንድ የሚል ጎማ ወደ 1,800 ይወርዳል። ፒ ካያችሁ የአዲስ ጎማ ዋጋ ከሂሳቡ ይቀነስልን በሉ።

በኤስቲና በኤልቲ መካከል ያለው ክርክር የቆየ ነው። የኤልቲ ወዳጆች በጥንካሬው ይምላሉ፤ በፍጥነት ደረጃውም ለረጅም ጊዜ የተሻለ ነበር። ግን አቅሙን ተመልከቱ። በአንድ መጠን፣ 235/85አር16፣ የጭነት ደረጃ ኢ፣ በ80 ፒኤስአይ፣ ኤስቲው 3,640 ፓውንድ ይሸከማል። ኤልቲው 3,042። 7,000 ፓውንድ የሚሸከም አንድ አክስል ካላችሁ ሁለት ኤልቲ 6,084 ብቻ ነው፤ አይበቃም። ለመካከለኛና ለትንሽ ተሳቢ እኔ ከኤስቲ አልወጣም። ቀላል ጭነት፣ 16 ኢንች ቸርኬና ብዙ ኮረኮንች መንገድ ካላችሁ ያን ጊዜ ኤልቲ ይታሰብ።

ቀጥሎ የጭነት ደረጃ። ሲ፣ ዲ፣ ኢ እያለ ይሄዳል። ሲ በ50 ፒኤስአይ፣ ዲ በ65፣ ኢ በ80 ሲነፋ ሙሉ አቅሙን ይሰጣል። ብዙ ተሳቢ ላይ የምታገኟቸው መጠኖች እነዚህ ናቸው፦

ኤስቲ205/75አር14፦ ሲ 1,760 ፓውንድ፣ ዲ 2,040።
ኤስቲ205/75አር15፦ ሲ 1,820፣ ዲ 2,150።
ኤስቲ225/75አር15፦ ሲ 2,150፣ ዲ 2,540፣ ኢ 2,830።

አሁን ወደ ረጅሙ ተሳቢ እንመለስ። በፈረንጆቹ 2015 የተሠራ ነው እንበል፤ ፋብሪካው 14 ኢንች፣ ሲ ደረጃ ጎማ ገጥሞለታል። አራት ጎማ በ1,760 ሲባዛ 7,040 ነው። አክስሎቹ 7,000። ልዩነቱ 40 ፓውንድ። ሕጉን አሟልቷል፣ ትርፍ ግን የለውም። የአሜሪካ የአርቪ (የካምፐር) ኢንዱስትሪ ማኅበር አባሎቹ ጎማቸው ከአክስሉ አቅም ቢያንስ 10 ከመቶ የበለጠ እንዲሆን ያስገደደው ከ2017 መጨረሻ አካባቢ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ተሳቢ ስትገዙ ይህን ስሌት ራሳችሁ ሥሩ።

ሙሉውን 7,600 ሲጫን፣ 12 ከመቶው ሂቹ ላይ ሲያርፍ፣ ጎማዎቹ ላይ 6,688 ይቀራል። ለአራት ሲካፈል በጎማ 1,672። ከ1,760 በታች ነው፣ ደህና ይመስላል። ግን ተሳቢ እኩል አይመዝንም። ማቀዝቀዣው፣ ምድጃውና ስላይዱ (ወደ ውጭ የሚገፋው ክፍል) ሁሉ በአንድ በኩል ሊሆኑ ይችላሉ። ክብደቱ 53 ለ47 ቢከፈል በከባዱ በኩል ያለ እያንዳንዱ ጎማ 1,772 ይሸከማል። አለፈ። ሦስት ከመቶ ብቻ ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉ ነው ያሳለፈው። ይህ ሁሉ ጎማው በትክክል ተነፍቶ፣ አዲስ ሆኖ ነው። ሐምሌ ላይ አይ-95 ላይ፣ ከሚፈለገው በታች ተነፍቶ ሲሄድማ ሙቀቱ ሥራውን ይሠራል። የተሳቢ ጎማ የሚፈነዳው አብዛኛውን ጊዜ በምስማር ሳይሆን በሙቀት ነው።

በዚያው 14 ኢንች ቸርኬ ዲ ደረጃ ብትገጥሙ አራቱ ጎማ 8,160 ይሸከማሉ። ከ6,688 ጋር ሲተያይ 22 ከመቶ ትርፍ አገኛችሁ። ልዩነቱ በአንድ ጎማ ጥቂት ዶላር ነው። እንግዲህ ሌላ ምን ልበል፤ ይህን የማያደርግ ሰው አይገባኝም።

ሁለት ማሳሰቢያ ግን አለው። አንደኛ፣ ዲ ጎማ ገዝታችሁ በ50 ፒኤስአይ ብቻ ከነፋችሁት የሚሸከመው ያንኑ 1,760 ነው። ጭነቱን የሚሸከመው አየሩ ነው። ወደ 65 ከፍ ካላላችሁ ገንዘባችሁን አቃጠላችሁ። ሁለተኛ፣ ቸርኬውም የራሱ ጣሪያ አለው። ከኋላው ወይም ከውስጡ በኩል የተቀረጸ የፓውንድና አንዳንዴ የፒኤስአይ ቁጥር ይኖራል። ለ50 የተሠራ ቸርኬ ላይ 65 መንፋት ተገቢ አይደለም። ወደ 80 የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ተራው የላስቲክ ቫልቭ የሚችለው እስከ 65 ስለሆነ የብረት ቫልቭ አስገጥሙ። ጎሚስታው ካልጠየቃችሁት አይነግራችሁም።

ከ14 ወደ 15 ኢንች መቀየር ይቻላል ወይ? ቦታው ካለ ይቻላል። ትልቁ ጎማ ዲያሜትሩም ስለሚጨምር በሁለቱ ጎማዎች መካከልና ከላይ ካለው መከላከያ ጋር ያለውን ክፍተት ለኩ። ባሌስትራው ተጭኖ ሲወርድ ጎማው ወለሉን እንዳይነካ። ካልበቃ ዲ ደረጃው ይበቃችኋል።

ፍጥነትም አለ። ጎኑ ላይ የፍጥነት ፊደል የሌለው ኤስቲ ጎማ ለ65 ማይል በሰዓት የተሠራ ነው ተብሎ ነው የሚወሰደው። አዳዲሶቹ ፊደል አላቸው። ኤል 75፣ ኤም 81፣ ኤን 87 ማይል ማለት ነው። ኤን የሚል ገዛሁ ብላችሁ ግን 80 አትንዱ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ተሳቢ የሚጎትት ማንኛውም መኪና ከ55 ማይል ማለፍ በሕግ አይፈቀድለትም። ሌላውም ስቴት ላይ 62፣ 63 ላይ መቆየት ለጎማውም ለነዳጁም ይበጃል።

አየር የሚለካው ጠዋት፣ መንገድ ሳትጀምሩ፣ ጎማው ቀዝቅዞ እያለ ነው። ቀትር ላይ ነዳጅ ማደያ ቆማችሁ ስትለኩ 65ቱ ወደ 75 ቢጠጋ አትደንግጡ፣ አታስተንፍሱትም። የአየር ግፊት መቆጣጠሪያ ሴንሰር ለአራቱም ጎማ መግጠም ጥሩ ነው። ተሳቢ ላይ ጎማ ሲለሰልስ መሪው ላይ አይታወቃችሁም፤ የምታውቁት ሌላ ሾፌር ጡሩምባ ሲነፋላችሁ ነው።

አክስል፦ ባሌስትራ ወይስ ቶርሽን?

በአብዛኛው የምታገኙት ባሌስትራ ነው። ርካሽ ነው፣ የትም ይጠገናል። ሁለት አክስል ሲሆን በመካከላቸው የሚወዛወዝ ማመጣጠኛ ብረት አለ። አንዱ ጎማ ጉብታ ላይ ሲወጣ ክብደቱን ለሌላው ያካፍላል። ደካማ ጎኑ ቦኮላው (ብሎኑ የሚያልፍበት ትንሽ ቱቦ) ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ናይለን ነው፤ ያልቃል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ማያያዣው ይበላል። በነሐስ ቦኮላና ግራሶ በሚቀበል ብሎን መቀየር ይቻላል። ያገለገለ ተሳቢ ስታዩ ከሥር ገብታችሁ ማያያዣዎቹን ተመልከቱ። ቀዳዳው ሞላላ ከሆነ ሥራ አለባችሁ።

ቶርሽን የሚባለው ባሌስትራ የለውም። ቱቦው ውስጥ ያለ ላስቲክ ነው የሚተጣጠፈው። ጉዞው ይለሰልሳል፣ የሚጮህ የሚቀባ ነገር የለም፣ እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው ይንቀሳቀሳል። ለባለ አንድ አክስል ተሳቢ ዋጋውን ከቻላችሁ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ለባለ ሁለት ሲሆን ግን አንድ ጣጣ አለው። ሁለቱ አክስሎች ክብደት አይከፋፈሉም። ተሳቢው ከፊት ዝቅ ብሎ ከተጎተተ የፊተኛው አክስል ከድርሻው በላይ ይሸከማል። የሂቹ ከፍታ በትክክል ተለክቶ ተሳቢው ልክ እንደ ጠረጴዛ ሜዳ መሆን አለበት። ላስቲኩ ሲደክም ደግሞ አይጠገንም፣ አክስሉ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል።

አቅሙን በተመለከተ፣ በ3,500 እና በ5,200 ፓውንድ አክስል መካከል ያለው ልዩነት የቱቦው ውፍረት ብቻ አይደለም። 3,500ው በተለምዶ አምስት ብሎንና 10 ኢንች የፍሬን ታምቡር አለው። 5,200ው ስድስት ብሎንና 12 ኢንች ታምቡር። ማለትም ፍሬኑም ይሻላል። ቁልቁለት ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አክስሉ መሃል ቱቦው ላይ የአምራቹ ተለጣፊ ይኖራል፤ ዴክስተር ወይም ሊፐርት የሚል ታገኛላችሁ፣ አቅሙም እዚያ አለ።

እንግዲህ «ትልቁን አክስል ላስገጥምና ብዙ ልጫን» የሚል ይመጣል። አገር ቤት አይሱዙ ላይ ባሌስትራ አስጨምሮ መጫን የለመደ ዓይን እንዲህ ቢያስብ አይገርምም። ባሌስትራ ብትጨምሩ ኩሽኔታው ያው ነው፣ ቱቦው ያው ነው፣ ፍሬኑ ያው ነው። አክስሉን እንዳለ ብትቀይሩ እንኳ ሻንሲው ያው ነው፤ ተለጣፊው ላይ ያለው ጣሪያም አይነሳም። ያንን ቁጥር የሚሰጠው አምራቹ ነው። አደጋ ቢደርስ የሚመለከቱት እሱን ነው። አክስል ማሳደግ ትርጉም የሚኖረው ጣሪያው ውስጥ ሆናችሁ ትርፍ ለማግኘት ስትፈልጉ፣ ወይም የቆየው ታጥፎ መቀየሩ ካልቀረ ነው። በጣም ትልቅ ማድረግም ጥሩ አይደለም። ከሚገባው በላይ የጠነከረ አክስል አይተጣጠፍም። ጉድጓዱን ሁሉ ወደ ቤቱ ያስተላልፋል፣ የቁም ሳጥኑ ብሎን ይላቀቃል፣ ሲኒው ይሰበራል። ከእውነተኛው ጭነት ከ10 እስከ 20 ከመቶ ትርፍ ይበቃል። የጭነት አቅም ካነሰባችሁ ግን መፍትሔው ሌላ ተሳቢ መግዛት ነው።

ሚዛን ላይ

ከዘመድ ወይም ከጓደኛ መካከል ትራክ የሚነዳ ሰው አያጣም። ካት ስኬል (የትራክ ሚዛን) የት እንዳለ እሱን ጠይቁት። በየትራክ ስቶፑ አለ፣ ክፍያው ቀላል ነው፣ የእናንተንም ዓይነት ይመዝናሉ። እሱ 80,000 ፓውንድ ካለፈ ኬላ ላይ ያስቆሙታል፣ ይቀጡታል። የቤተሰብ ተሳቢ ግን በአብዛኛው ስቴት የሚያስቆመው የለም። ስለዚህ ማንም አይመዝንላችሁም።

ለጉዞ እንደምትሄዱ አድርጋችሁ ሙሉ ጫኑ። ሰውም መኪና ውስጥ ይሁን። ሚዛኑ ሦስት ሰሌዳ አለው። የመኪናው የፊት ጎማ አንደኛው ላይ፣ የኋላው ሁለተኛው ላይ፣ የተሳቢው አክስሎች ሦስተኛው ላይ ይቁሙ። የክብደት ማከፋፈያ ሂች ካላችሁ ለዚህ መለኪያ ዘንጎቹን ፍቱ፤ አለዚያ ክብደቱን ከቦታው ያንቀሳቅሰዋል። ወረቀታችሁን ተቀበሉ። ከዚያ ተሳቢውን ፈትታችሁ መኪናውን ብቻ ድጋሚ መዝኑ።

እንዲህ ይወጣል እንበል። አንድ ላይ 12,900፣ ከዚያ ውስጥ የተሳቢው ሰሌዳ 6,200። መኪናው ብቻውን 5,800። 12,900 ሲቀነስ 5,800፣ ተሳቢው በጠቅላላ 7,100 ፓውንድ ነው። ከ7,100 ላይ 6,200ው ጎማው ላይ ከሆነ 900ው ሂቹ ላይ ነው፤ ወደ 12.7 ከመቶ ማለት ነው። ሁሉንም ከተለጣፊዎቹ ጋር አስተያዩ። 7,100 ከ7,600 በታች፣ 6,200 ከ7,000 በታች። ጎማው ሲ ከሆነ 7,040 ይችላል፣ ትርፉ 840 ነው፤ ለአንድ ጎን ማዘንበል ይበቃል። የ900ውን ከፔይሎዱ ጋር ማስላት እንዳትረሱ።

ገና ካልገዛችሁ መመዘን አትችሉም። ያን ጊዜ በግምት ሥሩ፦ ለአራት ሰው ቤተሰብ ከውሃው ውጪ 1,000 ፓውንድ ይጫናል ብላችሁ ያዙ። ቢጫው ተለጣፊ ከ1,500 በታች ካለ ሌላ ተመልከቱ።

ያገለገለ ከሆነ

ጎማው ላይ ዶት ብሎ የሚጀምር ቁጥር አለ። የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ። 2319 ማለት የ2019 ዓመት 23ኛ ሳምንት ነው። አንዳንዴ ሙሉው ቁጥር ያለው በውስጥ በኩል ብቻ ስለሆነ በስልክ ካሜራ ከኋላ አንሱት። «ጥርሱ አዲስ ነው» ቢሏችሁ አትቀበሉ። የተሳቢ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ነው የሚያረጀው፤ አምስት ስድስት ዓመት የሞላውን ከነጥርሱ መቀየር ነው። ጎኑ ላይ የተሰነጣጠቀ ካለ ዓመቱንም መቁጠር አያስፈልግም። ስኮርቱንም አትርሱ። ዓመታት ከኋላ ተንጠልጥሎ ፀሐይ የበላው ስኮርት ሌላ የሚፈነዳ ጎማ ነው።

ክሪክ አስገብታችሁ ጎማውን አንሱና በእጅ አዙሩት፣ ላይና ታች ይዛችሁም ነቅንቁት። ከጮኸ ወይም ከተነቃነቀ ኩሽኔታው ነው። ዓመት ወይም 12,000 ማይል ሲሞላ ተፈትቶ ግራሶ መቀየር አለበት። ሻጩ መቼ እንደተቀየረ ካላወቀ አልተቀየረም ብላችሁ ሂሳብ አስቡ። ፍሬኑም ይሠራ እንደሆነ ሞክሩት። በርካታ ስቴቶች ከ3,000 ፓውንድ ጀምሮ ተሳቢው የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ይጠይቃሉ፤ መኪናችሁ ውስጥም መቆጣጠሪያው መኖር አለበት።

ጎማ ከተቀየረ በኋላ ደግሞ ዳዶዎቹን በቶርክ ቁልፍ ድጋሚ ማጥበቅ አለ። በ10 ማይል፣ በ25 ማይል፣ በ50 ማይል። ከዲሲ ወደ ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ የምትወጡ ከሆነ ሦስቱም ፓርኩ ከመድረሳችሁ በፊት ያልቃሉ። በፓርኩ መንገድ በስካይላይን ድራይቭ የምትገቡ ከሆነ ደግሞ ሜሪስ ሮክ ዋሻ ቁመቱ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። ጣሪያችሁ ላይ ያለውን ኤሲ ጨምራችሁ ለኩ።